ጎሹ ልጁን ያሞቀበት ቀን

ሶስንዬ፣ የእንጅባራ ብርድ ለጉድ ነው፤ የአዳማ ሙቀታችን በጆንያ ቢመጣ ሰው ይሻማበታል። ጤና ጣቢያዎቹንና ሆስፒታሉን ለጨቅላ ሕፃናት ሕክምና ላስተባብር መጥቼ፣ ዛሬ ጎሹ የሚባል የዘንገና ገበሬ አየሁልሽ። ሚስቱ ጥሩዬ በቀዶ ሕክምና ወልዳ ገና አልነቃችም ነበር። ልጅቷ ያለጊዜዋ የተወለደች፣ እፍኝ የማትሞላ፣ ሰውነቷም የቀዘቀዘ ነበረች። ነርሷ "ደረትህ ላይ ያዛት" ስትለው ሸሚዙን አውልቆ አቀፋት፤ ጋቢ ደረብንለት። እናቱ "ወንድ ልጅ እንዲህ ያቅፋል እንዴ?" ብለው ተቆጡ።

"እማዬ፣ ይልቅ በሩን ዝጊው፣ ብርድ ይገባባታል!" አላቸው።

ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ሞቅ ብሏት በኃይል አለቀሰች። መጀመሪያ እልል ያሉት እኒያው እናቱ ናቸው። አሁን "ተራዬ ነው፣ ስጠኝ" ይሉታል፤ እሱ እንቢ ብሏል!

ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። ልጁ እስኪወለድ ሆድሽን ዳብሺልኝ፤ ባልሽ ፀጋውም ልጅ ማቀፍ ከአሁኑ ይለማመድ።

ትርሲት