ፈረሰኛው ያለፈኝ ቀን

ቡሬ፣ ሰኞ ሚያዝያ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ በዚህ ቤት ከባድ ሐዘን ደርሷል። የዶሮ ወጡ ንጉሥ፣ ፈረሰኛው፣ ዓይኔ እያየ አለፈኝ።

እማዬ ለእንግዳ ክብር ብላ ለአጎቴ ልጅ ለሙሉቀን አወጣችለት። እሱ ዶሮ እርባታ ነው የሚሠራው። «እትዬ፣ ይቅርብኝ፣ ሥጋ ትቻለሁ» አላት። «ዶሮዎቹ ተፋፍገው ነው የሚያድጉ። አንዷን ካመማት ቤቱ ሙሉ ይረግፋል፤ በሽታው ለሰውም ይተርፋል። ሁላችንም ትንሽ ብንቀንስ ማጨቁም ይቀንስ ነበር።»

እውነቱን ነው። አምና ፈንግል ገብቶ የእኛን ዶሮዎች አንድ ሳያስቀር ፈጅቷቸዋል። እማዬ ግን በፍስክ ሥጋ የሚተው ሰው የነፍስ አባቱ ቀኖና ቢሰጡት ነው ብላ ደመደመች።

«ኧረ ቀኖና አይደለም እትዬ» ቢላት፣ «ትሕትናውን አያችሁ? ጸልይልኝ የኔ ጻድቅ» ብላ ጉልበቱን ልትስም ደረሰች። ሽሮም በቅቤ ሠራችለት። እኔ ሁዳዴን ሙሉ ስጾም ጻድቅ ያለኝ የለም።

ቅናት አንጀቴን አሳረረው። «እማ፣ እኔም ከዛሬ ጀምሮ ሥጋ ትቻለሁ» አልኩ።

«አንተ ደግሞ ምን ሰርቀህ ነው ቀኖና የተቀበልኸው?» አለችኝ።

ሙሉቀን በሳቅ ትን አለው። ፈረሰኛውን ታናሽ እህቴ ወሰደችው፤ ዓይን ዓይኔን እያየች ጋጠችው። አፌ አንዴ አምልጦኛልና ሽሮዬን ጠበቅሁ። መጣልኝ፤ ያለ ቅቤ።

መቼም ሙሉቀን ልክ ነው፣ ሽሮውም አይከፋም። ይህን ሁሉ የጻፍሁት ለአንድ ማንኪያ ቅቤ ነው።