የሱሃ ዓሣዎችና ነጯ ጀሪካን

ሞጣ፣ ነሐሴ ፳፬

ይድረስ አይቼ ለማልጠግብሽ ታናሽ እህቴ፤ ቢቸና።

እንደምን ከርመሻል? እማዬስ ጉልበቷን ተሻላት? ሦስተኛው ፅንስ አራት ወር መድፈኑን ሰምቼ ደስታና ፍርሃት ይታገሉኛል። እኔ፣ ለቸሩ አምላክ ምስጋና ይግባውና፣ ደኅና ነኝ። ስልኩ ከተቋረጠ ወር ስላለፈው ይህን ወረቀት እህል ልትሸምት ወደ እናንተ በምትወርደው በነጋዴዋ በኸይራት እጅ ልኬዋለሁ። መንገዱ ካልተዘጋ ይደርስሻል።

ዓሣ ስቆጥር ላረጅ መሆኑን እያነሣሽ ትስቂብኝ የለ? ዘንድሮስ አያስቅም። ክረምት ሲገባ ዓሣው እንቁላል ሊጥል ከዓባይ ወደ ሱሃ ይወጣል። ጊዜው መድረሱን የሚነግረው ደሙ ውስጥ ያለው የፆታ ሆርሞን ነው፤ እንስቷን እንቁላል የሚያስይዛት፣ ወንዱን ዘር የሚያስቋጥረው እሱ ነው። እኛም በመርፌ ደም እየቀዳን እንለካዋለን። ዘንድሮ ከመልካው በታች የያዝናቸው ወንዶች ደም የእንስት ሆኖ ተገኘ። የአንዱን ሆድ ብከፍተው እንቁላል ይዟል። እንስቶቹ ደግሞ የያዙት ሳይበስል ይፈርሳል።

ምክንያቱን ፍለጋ ወደ መልካው ወጣሁ። አንዲት ሴት የጸረ አረም ጀሪካን ታጥባለች። ለምን እንደሆነ ብጠይቃት ለመጠጥ ውኃ መሆኑን፣ በአመድና በሎሚ ካሹት ምንም እንደማይል ነገረችኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት እኔ ያልኩሽን፣ ቃል በቃል። የውኃውን ናሙና የሚመረምረው ባልደረባዬ ስጦታው፣ የዓሣዎቹን ሆርሞን ያዛባው ይኸው የአረም መርዝ መሆኑን፣ የሰውም ፅንስ እንደሚያስወርድ፣ ፕላስቲክ ደግሞ የጠጣውን መርዝ ቀስ እያለ ለዓመታት እንደሚተፋ አስረዳኝ።

እህቴ፣ እማዬ በየሳምንቱ ጠበል የምትቀዳልሽ በየትኛዋ እንደሆነ አውቃለሁ። ጠበሉ ምንም አላጠፋም። ይህ ወረቀት እጅሽ እንደገባ ነጯን ጀሪካን በስተሽ ቅበሪያት። ለሰው እንዳትሰጫት። የተረፈውን ጠበል አትጠጪው፤ እግዚአብሔር ይቅር ይለኛል፣ ድፊው። ከእንግዲህ በእንስራ ይቀዳልሽ።

ደግሞ የወረዱብኝን ሁለቱን ፅንሶች በዓይኗ በላችብኝ ብለሽ ከጎረቤትሽ ከውበቴ ጋር ሰላምታ ካቆምሽ ዓመት ሊሞላ ነው። ሄደሽ እግሯ ላይ ውደቂ። እሷ አይደለችም።

ማርያም በሽልም ታውጣሽ። ይኼኛውን ትጠብቅልሽ፤ እኔንም ያንቺን ፊት ደግሜ ለማየት ታብቃኝ።

በሠርግሽ ማግስት ነጯን ጀሪካን አዝዬ የመጣሁልሽ፣
እህትሽ