ከየኔታ ድምፅ በታች

ሰኞ፣ ኅዳር 5 ቀን 1959 ዓ.ም.

አጉረመረመ። ዛሬም ያው ቦታ ላይ፣ ያው ድምፅ። የኔታ ዜማውን ወደ ታች ይዘውት ሲወርዱ፣ ዕዝል የሚባለው ወፍራሙ ስልት ላይ ሲደርሱ፣ ከድምፃቸው ስር አንድ ሌላ ነገር እምምም ይላል። እሳቸው ካቆሙ በኋላም አንዲት ትንፋሽ ያህል ይቆያል። ዘጠኙንም የቴፕ ጥቅል አጫወትኩ። በዘጠኙም አለ።

ጉድ ፈላብኝ! ደግሜ እንዳልቀዳ የኔታ ጉሮሯቸው ከቅዳሜ ጀምሮ ተዘግቷል። በሹክሹክታ ነው የሚናገሩት። ይህን የሳቸውን የዕዝል አወራረድ የሚያውቅ ከሳቸው ሌላ በሕይወት እንደሌለ ሊቃውንቱ ሁሉ ይመሰክራሉ። ቴፕ ሪከርደር፣ ሁለት ድምፅ ማጉያ ሳጥን፣ ጄኔሬተር፣ ያን ሁሉ ጓዝ ከአዲስ አበባ ቡሬ፣ ከቡሬ እዚህ ገጠር ድረስ በላንድሮቨር እያንገጫገጭኩ ያመጣሁት ለዚህ ነበር?

መሥሪያ ቤቴ ያዘዘኝ ቀላል ነው። መምህሩ የተቀዳውን በሙሉ ይስሙት፣ «የእኔ ዜማ ነው» ብለው አሻራቸውን ወረቀቱ ላይ ያኑሩ። ሳጥኖቹን እዚህ ባሠራኋቸው ሁለት የእንጨት መቆሚያዎች ላይ አድርጌ ከአልጋቸው ግራና ቀኝ አቆምኳቸው። ጉርምርምታው ሲመጣ የኔታ ቀና አሉ። ዐይናቸው ከጠፋ ዓመታት ሆኗል፤ ጆሯቸው ግን ጉድ ነው።

«ሌላ ሰው አለ» አሉ።

«የለም የኔታ፣ እርስዎ ብቻ ነዎት» አልኩ።

«ድምፄን ልታስተምረኝ ነው? ሌላ ሰው ባለበት ላይ አሻራዬን አላኖርም።»

እህታቸው እማሆይ፣ መነኩሲት ናቸው፣ እሳቸው ናቸው የሚያስታምሟቸው፣ ሦስት ጊዜ አማተቡ። ሾፌሩ ላንድሮቨሩን ይዞ ፍኖተ ሰላም ወርዷል፤ እሑድ ቀትር ላይ ይወስደኛል። እስከዚያ አሻራ ካላገኘሁ ዘጠኙ ጥቅል ከንቱ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ብቻ ልጻፍ። የኔታ አላወቁኝም። ከሃያ ዓመት በፊት እዚሁ ግቢ፣ እግራቸው ስር፣ ወልደ ሰንበት የሚባል ተማሪ ነበርኩ። አንድ ክረምት ጠፍቼ ሄድኩ። ዛሬ ዳንኤል ነኝ፣ መነጽርና ጢም ያለኝ የመንግሥት ሰው። የመጣሁ ዕለት ልነግራቸው አስቤ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ፍርሃት ይሁን እፍረት እንጃ። ዜማውም ቢሆን ከአእምሮዬ ጠፍቷል፤ አንዲት ሐረግ እንኳ አላስታውስም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 6

ቁስቋም ናት። እማሆይ ጄኔሬተሩን እንዳላስነሳ በማርያም ስም ለመኑኝ። እሺ አልኩ። ቁጭ ብዬ ተጠርጣሪዎቼን ጻፍኩ፦

ጄኔሬተሩ፦ ከካቡ ጀርባ አርባ እርምጃ ርቆ ነው ያለው። አይመስለኝም።

ሽቦው፦ ሦስት ጊዜ ፈትቼ አሰርኩት። ንጹሕ ነው።

የጣራው ቆርቆሮ፦ ቤቱ የሣር ክዳን ነው። አይ ዳንኤል፣ ቂሉ!

ቴፑ ራሱ፦ ይህ ከሆነ አለቀልኝ።

ከቀትር በኋላ እማሆይን ለምን በግራው ሳጥን በኩል እንደማይቀመጡ ጠየቅኳቸው። «እቴ! እሱ ነገር ሰው ይጠራል» አሉኝ። ምንም ይሁን ምን ሳጥን ነው አልኳቸው። «አንተ ሳጥን በለው» አሉና ሄዱ።

ከዚያ የሆነውን ባልጽፈው ይሻለኝ ነበር። ከደጅ ስመለስ የኔታ ብቻቸውን ናቸው። ፊታቸውን ወደ ግራው ሳጥን አዙረው፣ በዚያች በተዘጋች ድምፃቸው «ማነህ?» ሲሉ ሰማሁ። መሣሪያው ጠፍቷል፣ ሽቦው እንኳ ተነቅሏል። የኔታ ግን መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ጆሯቸውን አቅንተው ቆዩ። በራፉ ላይ ቆሜ ፀሐይ ጀርባዬን እየመታኝ በረደኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 7

ተመስገን! ያዝኩት።

ጠዋት በንዴት ሳጥኑን ከመቆሚያው አንስቼ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩና አጫወትኩ። ጉርምርምታው የለም! መልሼ መቆሚያው ላይ አኖርኩት፤ አለ። መዳፌን እንጨቱ ላይ ሳሳርፍ እንደ ድመት ሆድ ይንቀጠቀጣል። ሳጥኑ ይዘምራል፣ እንጨቱ ይቀበለዋል፤ ነገሩ ይኸው ነው። በጣቴ ሳንኳኳው ውስጡ ባዶ ነው። እኔ ያዘዝኩት ግን ድፍን ግንድ ነበር።

ወደ ሠሪው ወደ አያ ሙጨ ቤት ሮጥኩ። አያ ሙጨ ላገሩ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ከበሮ የሚሠሩ ሽማግሌ ናቸው።

«አያ ሙጨ፣ መቆሚያውን ለምን ቦረቦሩት?»

«ባልቦረቡረው ነበር የሚገርምህ» አሉ በኩራት። «የየኔታ ድምፅ የሚያርፍበት ነው አላልከኝም? ታዲያ ለየኔታ ድምፅ ደንቆሮ እንጨት ላቁም? በደንብ የደረቀ ዋንዛ ነው፣ ልክ እንደ ከበሮ ነው የቦረቦርኩት። ስሩን በሳንቃ የደፈንኩት እንዳያስጠላ ብዬ ነው።»

ምን ልበላቸው? አክብረው ነው ያበላሹት። ሌላ ይሥሩልኝ ስላቸው «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ብለው ሣቁብኝ። ደግሞም ቀኑ የለኝም። በመጨረሻ ኩርፍ ብለው «ድዳ እንዲሆንልህ ከሆነ አሸዋ ሙላበት» አሉኝ። ሰው ልከው ሁለት ስልቻ አሸዋ ከወንዝ በአህያ አስጫኑልኝ።

ዛሬ ብቻ ነው ደስ ብሎኝ እራት የበላሁት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 8

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ጠዋት የመቆሚያዎቹን ሳንቃ ነቅዬ አሸዋውን እየነቀነቅኩ ሞላሁ። ሳንኳኳው ድምፁ ታፍኗል። ከላዩ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የቆረጥኳቸውን ሦስት ቁራጮች ደረደርኩ፤ አራት እግር ይነቃነቃል፣ ሦስት ግን እንደ ጉልቻ ይረጋል። በጎማው ላይ የእማሆይን ባና አጥፌ አነጠፍኩ። ሳጥኑ እንጨቱን ጫፉን እንኳ አይነካውም።

አጫወትኩ። ጉርምርምታው ጠፋ! የየኔታ ድምፅ ብቻውን፣ ጥርት ብሎ ወረደ። ልዘል ነበር። የኔታ በማያዩ ዐይኖቻቸው አለቀሱ። «ይኸ እኔ ነኝ» አሉ።

ሦስተኛው ጥቅል ላይ፣ ዕዝሉ ዘንድ ስንደርስ፣ ሌላው መጣ።

ጉርምርምታ አይደለም። የሰው ድምፅ ነው። ቀጭን፣ በአፍንጫ የሚዜም፣ ከየኔታ ኋላ አንድ እርምጃ ያህል ዘግይቶ የሚከተል። እሳቸው ሲወርዱ ይወርዳል፤ መታጠፊያው ላይ ግን ይቸኩላል። ሲቀዳ በክፍሉ ውስጥ ከየኔታና ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። በሩንም እኔው ነበርኩ የዘጋሁት።

የኔታ ቀጥ አሉ። «ወልደ ሰንበት» አሉ።

ለእኔ ያሉኝ መስሎኝ ልመልስ አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ግን ፊታቸው ወደ ሳጥኑ ነበር።

እማሆይ ከማጀት ሮጠው ወጡ። «በስመ አብ! ያ ልጅ ነው፣ እንዲህ ነበር የሚቸኩለው» አሉ። ከዚያ ለእኔ፣ ለእንግዳው፣ ታሪኩን ነገሩኝ። ሃያ ዓመት ሆኖታል፤ አንድ ተማሪ በክረምት ወንዝ ወሰደው። ደበሎውና አኩፋዳው ዳር ላይ ተገኘ፣ ሬሳው ግን አልተገኘም። አባት እናት ስላልነበረው ተዝካሩን ያወጡት እሳቸውና የኔታ ናቸው። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ስሙ ከሙታን ጋር ይጠራል።

ይህን አላውቅም ነበር። የምምልበት ሁሉ ያጥፋኝ፣ አላውቅም ነበር። ደበሎዬን ያወለቅኩት የጠፋ ተማሪ ነው ብለው እንዳይዙኝ ነው። በድልድዩ ተሻግሬ ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር ሄድኩ። ሰው ሞቷል ብሎ ያለቅስልኛል ብዬ አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩም።

«አሸዋውን ከየት አመጣኸው?» አሉኝ እማሆይ።

«ከፈጠም ወንዝ።»

ጮኹ። «አንተ ልጅ፣ የልጁን መቃብር አፈር ነው እኮ ቤታችን ያስገባኸው!»

ዓርብ፣ ኅዳር 9

የጆሮ ማዳመጫውን አጥልቄ ከማለዳ እስከ ቀትር ሦስተኛውን ጥቅል ሰማሁ። ፈርቼ ነበር፤ አልዋሽም። መሣሪያው አይዋሽም እያልኩ ነው ያን ያህል የደፈርኩት።

ከዚያ በመካከል የራሴን ከንፈር ሲንቀሳቀስ አገኘሁት።

እኔ ነኝ! ሲቀዳ ከየኔታ ኋላ ተቀምጬ፣ ማዳመጫውን አጥልቄ፣ ሳላውቀው እየተከተልኳቸው ነበር። ተማሪ ሳለሁ መምህር ሲያዜም ዝም ያለ በአለንጋ ነበር የሚገረፈው፤ በለሆሳስ መከተል ነው ደንቡ። ረሳሁት ያልኩትን ጉሮሮዬ አልረሳውም። ማዳመጫው ጆሮዬን ስለደፈነው የራሴን ከሳቸው አልለየሁም፣ በኋላም ያ ባዶ እንጨት እያጉረመረመ ሸሸገኝ።

ታዲያ ለምን እፎይ አላልኩም? ድምፁን ስሰማው እኔን አይመስልም። የሠላሳ ሦስት ዓመት ሰው ድምፅ አይደለም። ወንዝ ወሰደው የተባለው የዚያ ልጅ ነው።

ክፉ ሐሳብም መጣብኝ። አሸዋውን ባፈሰው ጉርምርምታው ይመለሳል፣ እኔም ከስሩ እጠፋለሁ። ግን የኔታ ጉርምርምታም ካለ አያጸድቁም። ከቴፑ ላይ ልነቅለውም አልችልም፤ ድምፄ ከድምፃቸው ጋር ተፈትሏል። ቤቱ ውስጥ አሁን ከእኔ በቀር የሚገባ የለም። ጎረቤት ሁሉ በደጁ ሲያልፍ ያማትባል። እማሆይ የኔታን የሚያጎርሷቸው በራፉ ድረስ አስመጥተው ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 10

ነገርኳቸው።

ተንበርክኬ «የኔታ፣ ያ ድምፅ የእኔ ነው። ወልደ ሰንበት ነኝ፣ አልሞትኩም» አልኩ። እማሆይ የያዙትን ዋንጫ ለቀቁት።

የኔታ ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። ከዚያ «በስመ አብ በል» አሉኝ። አልኩ። «አቡነ ዘበሰማያት ድገም።» ደገምኩ። መዳፋቸውን ደረቴ ላይ አሳረፉ። «አዚም።»

የሚወጣ ነገር ይኖራል ብዬ አላመንኩም ነበር። ወጣ። ዕዝሉን ይዤ ወረድኩ። መታጠፊያው ላይ ስደርስ ደረቴን ጧ! አደረጉኝ።

«ትቸኩላለህ!»

ይሣቁ ያልቅሱ አላወቅኩም፤ ጉሮሯቸው እንዲያ ሆኖ አይለይም። እማሆይ ግን እግሬን ዳሰሱ፣ ጀርባዬን ዳሰሱ፣ ሰው መሆኔን ሲያውቁ በጥፊ አጮሉኝና ልብሴን ይዘው ለቅሶ ጀመሩ። «አንት ጨካኝ! ሃያ ዓመት! አንድ ቃል ብትልክ ምን ነበረበት?» እኔም አለቀስኩ።

«ተዝካርህን በልቻለሁ» አሉ የኔታ። «ጠላው ጥሩ ነበር።»

ቀጥለው ፊታቸውን ቋጠሩ። «አሻራ ትፈልጋለህ። የሙት ድምፅ ያለበትን የእኔ ነው ብዬ አላትምም። ለእኔ በሕይወት ብትኖር ምን ይሆናል? በቤተ ክርስቲያን ሙት ነህ። ነገ ስምህ ከሙታን ጋር ከተጠራ ሙት ነህ፤ ቴፕህን ይዘህ ሂድ።»

እማሆይና እኔ ወደ ቄሰ ገበዙ ሄድን። ቄሰ ገበዙ መነጽሬን፣ ጢሜን፣ ጫማዬን አዩ። መዝገቡን አውጥተው ስሜን አሳዩኝ፣ ከወለተ ጻድቅ በታች፣ ከኃይለ ኢየሱስ በላይ። ቀለሙ ደብዝዟል።

«መጻፍ ነው የለመድኩት» አሉ። «ከሙታን ማውጣትን ማንም አላስተማረኝም። የሞተ ይጻፋል፣ የተጻፈ ይጠራል።»

«እኔ ግን ይኸው ቆሜያለሁ» አልኩ።

«አየሁህ እኮ» አሉና መዝገቡን ዘጉት። እሺም እንቢም አላሉም።

እሑድ፣ ኅዳር 11

የኔታን በቃሬዛ ተሸክመን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አስቀመጥናቸው። ሰውነታቸው በጣም ቀሏል። ሰዉ ከእኔ ዘወር ዘወር እያለ ቆመ። ወሬው አገሩን አዳርሷል፤ አንዳንዱ ጥላዬን ያያል፣ አለው የለውም ብሎ።

ከቅዳሴ በኋላ ቄሰ ገበዙ መዝገቡን ገለጡ። የሙታኑን ስም መጥራት ጀመሩ። እንዲህ ያለ ነገር በማንም ላይ አይድረስ። ስሞቹ አንድ በአንድ እየቀረቡኝ መጡ።

«ወለተ ጻድቅ» አሉ።

ቆሙ።

ስሜን ለመጥራት የሚበቃ ያህል ጊዜ ዝም አሉ። አጠገቤ ያሉ ባልቴቶች ግን ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ቄሰ ገበዙ የተዉትን ስም ሃያ ዓመት የለመደው የነሱ አፍ ራሱ ጠራው። ድምፅ የለውም። በየከንፈሩ ላይ ግን አነበብኩት፣ እነሱም ያወቁት አይመስለኝም።

«ኃይለ ኢየሱስ» ብለው ቄሰ ገበዙ ቀጠሉ።

«አልተጠራም» አሉ እማሆይ በየኔታ ጆሮ። የባልቴቶቹን ከንፈር አላዩም። እኔም አልተናገርኩም።

የኔታ አውራ ጣታቸውን ዘረጉልኝ። ቀለም ቀብቼ ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩላቸው። «ከስሩ ጻፍ፣ ተከታይ ወልደ ሰንበት በል» አሉኝ። ጻፍኩ። ስሙን ከጻፍኩት ብዙ ዘመኔ ነው፤ እጄ ፊደሉን እስኪያገኘው ዘገየ።

ላንድሮቨሩ ከታች ጥሩምባውን ነፋ። ጓዙ ተጭኗል፣ ዘጠኙ ጥቅል ጭኔ ላይ ይሆናል። ልነሣ ስል የኔታ እጄን ያዙኝ። ጣታቸው ገና ቀለም ነበረው።

«አሁን ስትሄድ ተናግረህ ሂድ» አሉኝ።

«መሄዴ ነው፣ የኔታ» አልኩ።

እጄን አልለቀቁም።