ጋቢዬ ላይ ያልወደቀው የፀሐይ ቅንጣት

ኮምቦልቻ፣ ግንቦት 1974

ወዳጄ ሞላልኝ፣

ለሰፊው የደሴ ሕዝብ የተሰጠ መግለጫ፦ ጀላል ኮምቦልቻ ወርዶ ካፖርቱን አውልቋል። እናንተ በጉም ውስጥ የምትፈልጓት ፀሐይ እዚህ አናት ላይ ተቀምጣለች።

ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የልጅ ልጄ ሳፊያ ከፀሐይ የሚወረወር ቅንጣት በመሣሪያ ትቆጥራለች። እኔ ቅንጣት ሲባል የስንዴ መስሎኝ፣ ጋቢዬን ዘርግቼ ጠበቅኩ።

«አባባ፣ አብዛኛው አየር ላይ ይቀራል። የሚደርሰን ስብርባሪው ነው፤ እሱም በጋቢዎም በእርስዎም ውስጥ አልፎ ይሄዳል» አለችኝ።

ሆዴን ዳበስኩት፤ ወላሂ ቀዳዳ የለውም። ታዲያ የማይያዝ ነገር እንዴት ይቆጠራል? ግራ ገባኝ።

ያዋስከኝን ሬዲዮ ያበላሸውም ይኸው ቅንጣት ነው ብላለች፤ እንግዲህ ኩርፊያህን ተው። ባለቤትህን ፀሐይነሽን ሰላም በልልኝ።

የፖስታ ካርዱ ቦታ አለቀ። ስለ ሬዲዮው ሳፊያ ምንም አላለችም፤ እሱ የኔ ፈጠራ ነው። ከእጄ ወድቆብኝ ነው፤ አውፍ በለኝ።

ጀላል