መሪጌታን የሚያርም ተማሪ

ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፭ ዓ.ም.፣ ፍኖተ ሰላም

ኮዱ ለሁሉም ክፍት በሆነው የበዓላት ማውጫ ፕሮግራም ውስጥ መሪጌታ ጥበቡ ስሕተት አገኙ፤ የነነዌን ጾም በአንድ ሳምንት ያስቀድማል። እሳቸው እንዳሉኝ ኮዱን አርሜ ለፕሮግራሙ ኃላፊዎች ላክሁ። ዛሬ መልስ መጣ። የበዓላትና የአጽዋማት ቀመሩን፣ ባሕረ ሐሳብን፣ የሚያውቅ ሌላ ሰው ሳያየው እርማቱ ከዋናው ቅጂ አይገባም። እንዲያይ የተመረጠው የቡሬው ዲያቆን ይሄነው ነው፤ የመሪጌታ የራሳቸው ተማሪ። እንዴት እንደምነግራቸው ስጨነቅ ዋልሁ። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ነገርኋቸው።

«ይሄነው? እኔን ሊያርም?»

«ደንቡ ነው፣ የኔታ። ካልፈቀዱ እተወዋለሁ።»

«ሰው በተሳሳተ ቀን ሊጾም? ላክለት። የመምህሬ ነው ብሎ ሳያየው ካሳለፈ ግን ቡሬ ድረስ ሄጄ እገርፈዋለሁ።»

ላክሁለት። ከእርማቱ ማብራሪያ ሥር ቃላቸውን እንዳለ ጻፍሁ።