ወንበርሽን ውሰጂልኝ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ለሸረሪቴ፣ ጣቷ ከክንዷ ለሚረዝመው የወንድሜ ልጅ፣

ከሰላምታ በፊት ክስ አለኝ። ወንበርሽ እግሬን ጨረሰችው! ያቺን ፒያኖው ጎን ትተሻት የሄድሽውን ማለቴ ነው። በዚህ ሳምንት ብቻ ሁለቴ ትንሿን የእግር ጣቴን መታችኝ። ያኔ ከአፌ የወጣውን ብትሰሚ አጎቴ አይደለም ብለሽ ትክጂኝ ነበር። የዚህን ቤት ደንብ ታውቂያለሽ፤ ሙዚቃ ሊሰማም ሆነ ሊጫወት የሚመጣ ሁሉ ወንበሩን ከቤቱ ይዞ ይመጣል፣ ሲያልቅ ይዞ ይሄዳል። ትተሽ የሄድሽ አንቺ ብቻ ነሽ። ሦስት ዓመት ሙሉ ቦታ ይዛ ተኮፍሳለች። ወይ ነይና ውሰጃት፣ ወይ ነይና ተቀመጪባት።

እኛ ደህና ነን። የጥርስ ሐኪሙ ቫዮሊኑን ይዞ ከባድ ቦታ ላይ ሲደርስ ዛሬም «አይዟችሁ፣ አያምም» ይላል። ሰዓት ሠሪው ቼሎውን ተሸክሞ ሃያ ደቂቃ አርፍዶ ይመጣል፤ የሰው ሰዓት እንጂ የራሱን አስተካክሎ አያውቅም። ፒያኖውን አሁን የምትጫወተው አንዲት የሒሳብ መምህርት ናት። ጎበዝ ናት፣ ግን ድምፅ አውጥታ ትቆጥራለች። ባለፈው «ሰባት» ስትል ከኋላ ጎረቤታችን «ስምንት» ብላ ጨረሰችላት። እሷም ወንበሯን ይዛ ነው የምትመጣው። ያንቺን አላስነካም።

እሑድ ያንን የሩሲያዊውን ትሪዮ፣ ለፒያኖ፣ ለቫዮሊንና ለቼሎ የተጻፈውን ሙዚቃ ሊጫወቱ ነው። አዎ፣ ያንኑ። ፒያኖው ብቻውን ዝቅ ብሎ የሚጀምረውን፣ ከዚያ ቼሎው ያዘነ ወዳጁ ትከሻ ላይ እጁን እንደሚያሳርፍ ሰው ቀስ ብሎ የሚገባበትን። በአሥራ አራት ዓመትሽ መጀመሪያ ስትሰሚው፣ «አጎቴ፣ ይሄ ሰውዬ ሲያለቅስም ጎረቤት እንዳይሰማ ነው» ያልሽውን። ስለዚህ ኖታውን ከሣጥን አወጣሁት። ቀልዴም እዚህ ላይ አለቀ።

ከሦስት ዓመት በፊት ይህንኑ የተጫወትሽባትን እሑድ ታስታውሻለሽ። ሳሎኔ ውስጥ ሃያ ሁለት ወንበር ነበር። አባትሽ ከፊት፣ ክራባቱ አንቆት፤ ከሙዚቃ ትምህርት ቤቱ አንቺን ልትሰማ የመጣችው ሴትዮ በመስኮቱ በኩል። እኔ በግራሽ ቆሜ ኖታ ገላጭ። ቀስ የሚለው ክፍል መሐል ላይ ገጹን ገለጥኩልሽ። ጥቂት እንደተጫወትሽ ቫዮሊኑ ወዲያ፣ አንቺ ወዲህ ሆናችሁ። አቆምሽ። «ይቅርታ» አልሽ፣ ማንም ሳይናገርሽ። እንደገና ሞከርሽ፤ ሁለት ድምፅ ሳትጨርሺ እጅሽን አነሳሽ። ከዚያ ተነስተሽ ወጣሽ።

አባትሽ ደጅ ላይ ያዘኝ። «ልጄን ሰው ፊት አዋረድካት። ይቅርባት ስልህ መቼ ሰማኸኝ?» አለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ደጄን ረግጦ አያውቅም። አንቺ ደግሞ፣ «ጭንቅላቴ ባዶ ሆነ አጎቴ፤ እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» ብለሽ ጻፍሽልኝና በሰው አገር ቢሮ ውስጥ ማኅተም ትመቺያለሽ።

ጭንቅላትሽ ባዶ አልሆነም። ሁለት ወረቀት በአንዴ የገለጥኩት እኔ ነኝ።

የዚያን ዕለት ጠዋት በፒያኖው ሆድ ውስጥ ክሩን በሚመቱት ትንንሽ መዶሻዎች ላይ የላላውን ሱፍ ሳጣብቅ ነበር። እጄን በጥድፊያ ታጠብኩ። ከዚያ ኖታውን አንድ በአንድ እየገለጥኩ ፈተሽኩልሽ፤ እንዲቃናልሽ ብዬ! አውራ ጣቴ ላይ የቀረው ሙጫ ሁለቱን ወረቀት ጥጋቸው ላይ አጣብቋቸዋል። አንቺ ስታቆሚ፣ እኔ በጥፍሬ ፈልቅቄ እንደ ሌባ መለስኩት። ቀና ስትዪ ትክክለኛው ገጽ ፊትሽ ነበር። በራስሽ ላይ ፈረድሽ።

ይህን ትናንት ነው ያወቅሁት ብዬ ልጽፍልሽ ጀምሬ ሁለት ደብዳቤ ቀድጃለሁ። ውሸት ነው። ያኔውኑ አውቄዋለሁ። በዚያ ሁሉ የተማረ ሰው ፊት፣ ያለ አስተማሪ በራሴ ነካክቼ የለመድኩት እኔ፣ «ገጽ መግለጥ እንኳ አቃተው» እንዳልባል ዝም አልኩ። በማግስቱ አፈርኩ። ከዚያ በኋላ ደግሞ መዘግየቴ ራሱ ሌላ ኀፍረት ሆነብኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኔ ቤት ግን ሦስት ዓመት አልነጋም። ከዚያ ወዲህ ለማንም ኖታ ገልጬ አላውቅም። ዓይኔ ደክሟል እላለሁ። ዓይኔ ግን መርፌ ላይ ክር ያስገባል።

ከተጣበቁት የኖታ ወረቀቶች የአንዱን ጥግ ቆርጬ እዚህ ውስጥ አድርጌልሻለሁ። ወደ ብርሃን ያዢው፤ አሻራዬ ሙጫው ላይ ደርቆ ይታያል። ተመለሺ ለማለት አፍ የለኝም። ብቻ ስለ ራስሽ የምታምኚው ነገር የእኔ ጥፋት እንዳይሆን ነው። ብትቀየሚኝ ይገባኛል። ጣቶችሽን ይባርካቸው፤ የነኩት ሁሉ ይቃና፣ የሚሰማሽም ሰው አትጪ።

ቆይ፣ በር ተንኳኳ። ሰዓት ሠሪው እንዳልል ቀጠሮ የለንም፤ ቢኖረንም ገና አይደርስም።

አባትሽ ነው። ወንበር ተሸክሟል፤ የወጥ ቤታችሁን፣ አረንጓዴውን።

«ኮንሰርቱ እሑድ ነው፤ ዛሬ እኮ ሐሙስ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። «እሑድ ሰው ይበዛል።» ወንበሩን ካንቺዋ ጎን አስቀምጦ ተቀመጠ። ፒያኖውን ብዙ ካየ በኋላ፣ «ያ የሷ ነገር እንዴት ነበር የሚጀምረው? ሦስት ዓመት ሙሉ ጆሮዬ ላይ ሊመጣልኝ አልቻለም» አለኝ።

የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ድምፆች በአንድ ጣቴ ነካሁለት፤ በአውራ ጣቴ አይደለም። አሁን አንገቱን ደፍቶ ይጠብቀኛል። ይህን ደብዳቤ ሳላሽገው ላነብለት ነው። ወንበሩን አንስቶ ከወጣ፣ እውነቱን ነው። ትቶት ከሄደ ግን የምሰናከልበት ወንበር ሁለት ሆነ ማለት ነው፤ ያኔ ክስ የለኝም።

አጎትሽ