የአባዬ ማይክ

መስከረም 12፣ ጠዋት
አግዳሚዎቹን ጠርጌ ጨረስኩ። የድምፅ ማጉያው ሽቦ ዛሬም ተበጥሷል፣ በፕላስተር አሰርኩት። ቪዲዮ ቤቱን ቀጥ አድርጌ የያዝኩት እኔ፣ ስሙ የአባዬ። ይሁን።

አይ፣ አይሁን። ስሚኝ ደብተሬ። በየዓመቱ ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ የምናሳየው ያ አሮጌ የማፊያ ፊልም አለ አይደል? ከእኛ ቪዲዮ ቤት ሌላ የሚያሳየው የለም። እስከ ዛሬ በማይክ ለሰዉ የሚተረጉመው አባዬ ነበር፤ ዘንድሮ በረከት ነው ተባለ። ታናሽ ወንድሜ! አባዬ ጉሮሮውን ታሞ ድምፁ ጠፍቷል፤ እኔ ደግሞ፣ ሞኟ፣ ማይኩ ይደርሰኛል ብዬ ስጠብቅ። ፊልሙን ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ። እሱ ግን እንግሊዝኛ ተምሯል።

መስከረም 16፣ ከሰዓት
በረከት ከሀዋሳ ገባ። አባዬ ባጃጅ ተኮናትሮ መናኸሪያ ድረስ ሄዶ ተቀበለው። እኔ ለቪዲዮ ቤቱ ዕቃ ገዝቼ ከበዴሳ በዝናብ ስመጣ ማን ተቀበለኝ? ቅናት ነው፣ አዎ።

በረከት ፊልሙን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ አይቶ እየሳቀ መጣ። አባዬ ለካ እንግሊዝኛ የሚባል አያውቅም። ታሪኩን ከራሱ ነው የፈጠረው። በአባዬ ትርጉም አባቱን ለማፊያዎቹ የሚሸጠው ታላቁ ልጅ ነው። እውነቱ ግን ታናሹ ነው፤ ታላቁ የወንድሙን ጥፋት ተሸክሞ ዝም አለ። ታላቁ ንጹሕ መሆኑ ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም። በረከት እሑድ እውነቱን እተረጉማለሁ ይላል። ሰዉ የአባዬን ንግግር አንድ በአንድ እንደሚያውቀው አልነገርኩትም። ይዋረድ።

መስከረም 18፣ ጊፋታ፣ ምሽት
ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። በረከት እውነቱን ተረጎመ። መሃል ሳይደርስ ጉርምርምታው ተነሳ። ከዲምቱ የመጡ አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው፣ ታዲያ አባትህ ይሄን ሁሉ ዘመን ሲያታልለን ነበር? አሉት። አባዬ ጥግ ተቀምጦ መሬት መሬቱን ያያል። የጠበቅኩት ይሄንኑ ነበር። ሲመጣ አልጣመኝም።

ማይኩን ከበረከት እጅ ቀማሁት። ልጁ ተሳስቶ ነው አልኩና በአባዬ ታሪክ ቀጠልኩ። ታላቁን ልጅ ከሃዲ ብዬ በገዛ አፌ ረገምኩት። አጨበጨቡ።

ሰው ሲወጣ አባዬ በረከትን አቀፈው። በጠፋ ድምፁ፣ አይዞህ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሩ ነው ብሎ አንሾካሾከለት። ለእኔስ? አግዳሚዎቹን አስተካክዪ።

አስተካከልኩ። ማይኩን ግን አልመለስኩም፣ ትራሴ ስር ነው። ከእንግዲህ ያንን ፊልም የምተርከው እኔ ነኝ፣ በእኔ አፍ ደግሞ ታላቁ ዝም አይልም። ነገ አባዬ ማይኩ የት አለ ሲለኝ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ። አባዬ፣ የመጀመሪያ ልጅህ እኮ እኔ ነኝ።